ማን፣ መቼ፣ ማንን በደለ? ዘርን የሚቆጥሩ የመንግሥት ፕሮግራሞች በአሜሪካ ፍርድ ቤት

በ2021 የጸደይ ወራት የአሜሪካ ምግብ ቤቶች አንድ ቀን በጉጉት ይጠብቁ ነበር። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ካልሆነ እናገራለሁ።) ኮቪድ ወንበራቸውን ባዶ አስቀርቶታል። ኮንግረስ 28.6 ቢሊዮን ዶላር መደበላቸው። ብድር አይደለም። በአግባቡ ለሥራው ከዋለ የማይመለስ ገንዘብ ነው። ማመልከቻው ሜይ 3 ተከፈተ። ማንም ማመልከት ይችላል። የመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት ግን ለተወሰኑ ሰዎች የተተዉ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ሴቶች፣ የቀድሞ ወታደሮች ወይም «በማኅበራዊና በኢኮኖሚ የተጎዱ» የሆኑ ምግብ ቤቶች ቅድሚያ ያገኛሉ። ይህ የመጨረሻው ሐረግ በተግባር ሲተረጎም ጥቁር፣ ሂስፓኒክ፣ አንዳንድ እስያውያንና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ማለት ነበር። የሐበሻ ምግብ ቤቶችም እዚህ ውስጥ ይገቡ ነበር።

ቴነሲ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ያላቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ነጭ ነው። ሚስቲቱ ሂስፓኒክ ናት። ድርሻቸው ሃምሳ ሃምሳ ነው። ለቅድሚያው ግን 51 በመቶ ያስፈልጋል። በአንድ በመቶ ከሰልፉ ወጡ። ከሰሱ። ሲንሲናቲ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በዚያው ወር መጨረሻ 2 ለ1 ፈረደላቸው። መንግሥት በዘር ሰልፍ ማስያዝ አይችልም አለ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከዚህ ክስና ቴክሳስ ውስጥ ከተነሱ ተመሳሳይ ክሶች በኋላ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ አመልካቾች ደብዳቤ ደረሳቸው። ቀደም ሲል «ጸድቆላችኋል» ተብለው ነበር። አሁን ቀረ ተባሉ። ገንዘቡም አለቀ። ለሠራተኛ ቃል የገባ፣ ለቤት አከራይ «ትንሽ ታገሠኝ» ያለ ሰው ነው ይህን ደብዳቤ የከፈተው። የዳኞቹን ክርክር ሳነብ እነዚህን ሰዎች መርሳት አልችልም። የቴነሲዎቹን ባልና ሚስትም እንዲሁ። የእነሱም ወንበር ባዶ ነበር።

ታዲያ ሕጉ ምን ቢል ነው እንዲህ የሆነው?

ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1868፣ አሜሪካ 14ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቀች። ማንኛውም ክፍለ ሀገር በግዛቱ ላለ ለማንኛውም ሰው እኩል የሕግ ጥበቃ መንፈግ አይችልም ይላል። የተጻፈው ከባርነት የወጡ ጥቁሮችን ለመጠበቅ ነው። ቃሉ ግን «ጥቁር» አይልም። «ዜጋ» እንኳ አይልም። «ሰው» ነው የሚለው።

ይህ ለእንደ እኛ ዓይነቱ መጤ ትልቅ ነገር ነው። በ1880ዎቹ ሳንፍራንሲስኮ በእንጨት ቤት ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ለመክፈት የከተማውን ቦርድ ፈቃድ የሚጠይቅ ደንብ ነበራት። ደንቡ ስለ ዘር አንድም ቃል አልጻፈም። ወደ 200 የሚሆኑ ቻይናውያን አመለከቱ። ሁሉም ተከለከሉ። ቻይናዊ ካልሆኑት ግን ከአንድ በስተቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1886 ይህን አፈረሰው። ከሳሾቹ የአሜሪካ ዜጎች አልነበሩም። ሰው መሆናቸው በቃ።

ማሻሻያው የሚናገረው ስለ ክፍለ ሀገራት ነው። ፌዴራል መንግሥቱስ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 ለዚያም ያው ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። መንገዱ 5ኛው ማሻሻያ ነው።

እንግዲህ መንግሥት በየቀኑ ሰዎችን ይለያል። ገቢው ከፍ ያለ ሰው ብዙ ግብር ይከፍላል። ዓይኑ የማያይ መንጃ ፈቃድ አያገኝም። ይህ ሁሉ ክስ ቢሆን አገር አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ፍርድ ቤቶች ወንፊታቸውን ለዩ። ለአብዛኛው ነገር ወንፊቱ ሰፊ ነው። ምክንያታዊ ሰበብ ካለው ያልፋል። ለጾታ ልዩነት ጠበብ ይላል። ለዘር ግን ከሁሉም የጠበበው ነው። ጥብቅ ምርመራ ይባላል። የምግብ ቤቶቹ ጉዳይ ላይ ይህ በግልጽ ታየ። ለቀድሞ ወታደሮች የተሰጠው ቅድሚያ ሳይነካ ቀጠለ። የዘሩና የጾታው ወደቀ።

ጥብቅ ምርመራ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። አንደኛው፣ መንግሥት ዘርን ለመቁጠር እጅግ አስገዳጅ ምክንያት አለው? ሁለተኛው፣ የተጠቀመበት መንገድ ለዚያ ምክንያት በልኩ የተሰፋ ነው? ሰፊ ከሆነ ይወድቃል። ጠባብ ከሆነም ይወድቃል። ማስረጃ የማቅረብ ሸክሙ ደግሞ የከሳሹ ሳይሆን የመንግሥት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። እኔም መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር። ጥቁርን ለመርገጥ የወጣን ሕግና ጥቁርን ለመርዳት የወጣን ሕግ በአንድ ወንፊት ማስገባት ምን ማለት ነው? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በዚህ ላይ ለዓመታት ተከራክሯል። መልሱ የጠራው በሪችመንድ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይ ቆም ልበል።

ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ባርነትን ይዘው የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ዋና ከተማ ነበረች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከነዋሪዋ ግማሽ ያህሉ ጥቁር ነበር። ከ1978 እስከ 1983 ከተማዋ ከሰጠቻቸው ዋና የግንባታ ውሎች ውስጥ ግን አናሳዎች ያገኙት 0.67 በመቶ ነው። አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም። የተቋራጮቹ ማኅበራትም ጥቁር አባል የላቸውም ማለት ይቻላል። የከተማው ምክር ቤት በ1983 ወሰነ። ዋና ተቋራጮች ከውሉ ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶውን ለአናሳ ንዑስ ተቋራጮች ይስጡ አለ።

ክሱን ያመጣው ጨረታ የከተማዋ እስር ቤት የመጸዳጃ ዕቃ ገጠማ ነበር። ከትንሽ ነገር ትልቅ ሕግ ወጣ። በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 ደንቡን አፈረሰው። ዋናውን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ናቸው። ዘርን የሚቆጥር ደንብ፣ ለእርዳታም ይሁን ለጉዳት፣ በጥብቅ ምርመራ መፈተን አለበት አሉ። 0.67 በመቶን ከከተማው ሕዝብ ጋር ማወዳደርም ትክክል አይደለም አሉ። መወዳደር ያለበት ሥራውን መሥራት ከሚችሉ ተቋራጮች ብዛት ጋር ነው። ከተማዋ ማን፣ መቼ፣ ማንን እንደበደለ አላሳየችም። «በአገሪቱ አድልዎ ነበር» ማለት አይበቃም።

ሌላም ነገር አነሱ። ደንቡ «አናሳ» ያላቸው ዝርዝር ውስጥ እስኪሞዎችና የአሌውሺያን ደሴቶች ሰዎች ነበሩበት። ሪችመንድ ውስጥ እነዚህ ሰዎች ተበድለዋል የሚል ማስረጃ ከቶ የለም። ዝርዝሩ ከሌላ ቦታ እንዳለ የተቀዳ ነው። እዚህ ላይ ኦኮነር ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ለቁስል የሚሰጥ መድኃኒት የቆሰለውን ሰው ማወቅ አለበት።

ሥራውን ከሚችሉ ተቋራጮች ብዛት ጋር ይወዳደር በሚለው ግን አልስማማም። በሪችመንድ ጥቁር ተቋራጭ ጥቂት የሆነው ለምንድን ነው? ሙያ ማኅበር ውስጥ ስላልገባ፣ ባንክ ስላላበደረው፣ ትምህርት ቤቱ ስለተለየበት ነው። በር ዘግተህ ከቆየህ በኋላ «ውስጥ ያሉት ጥቂት ናቸውና ጉዳቱም ትንሽ ነው» ማለት ይከብዳል። ዳኛ ተርጉድ ማርሻል በልዩነት ሐሳባቸው ይህን በቁጣ ጽፈዋል። የቀድሞዋ የተገንጣዮች ዋና ከተማ በደሏን ራሷ ለማረም ስትነሳ ደስ ሊለን ይገባ ነበር አሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሪችመንድ ራሷ አልረሳችም ነበር።

በ1995 ፍርድ ቤቱ ይኸንኑ መለኪያ ወደ ፌዴራል መንግሥቱ አመጣው። ያኛው ጉዳይ ኮሎራዶ ውስጥ የመንገድ ዳር መከላከያ ብረት የሚተክል ኩባንያ ነበር። ዝቅተኛ ዋጋ አቅርቦ ሥራው ለሌላ ተሰጠ። ድምፁ 5 ለ4 ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማም ይሁን ዋሽንግተን፣ ሁሉም በዚያው ጠባብ ወንፊት ይፈተናል።

ዩኒቨርሲቲዎች ለተወሰነ ጊዜ በተለየ በር ገቡ። ከ1978 ጀምሮ የተማሪዎችን ስብጥር ማስፋት ተቀባይነት ያለው ምክንያት ነበር። ኮታ ክልክል ነው። ዘርን ከብዙ ነገሮች እንደ አንዱ ማየት ግን ይቻላል ተባለ። ጁን 29 ቀን 2023 ይህም በር ተዘጋ። የሃርቫርድና የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው። ለሁለተኛው 6 ለ3፣ ለሃርቫርድ 6 ለ2 ተወሰነ። ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ከሃርቫርዱ ራሳቸውን አግልለው ነበር። ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ እንደጻፉት፣ ከትምህርት ውጭ ፍርድ ቤቱ የተቀበላቸው አስገዳጅ ምክንያቶች ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ሕግ ወይም ሕገ መንግሥት የጣሰ፣ ተለይቶ የታወቀ ያለፈ በደልን ማረም። ሌላው እስር ቤት ውስጥ የዘር ብጥብጥን የመሰለ ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋን ማስቀረት።

አፈርማቲቭ አክሽን የሚለውን ቃል ከአገር ቤት የምናውቅ ሰዎች አንድ ልዩነት ብናስተውል ጥሩ ነው። በ1987 ዓ.ም. (ይኼ በእኛ አቆጣጠር ነው) የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ላይ ለሴቶች ያለፈውን በደል የሚያካክስ ድጋፍ በቀጥታ ይፈቅዳል። አንቀጽ 89ም በዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ብሔረሰቦች መንግሥት ልዩ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። የአሜሪካው ሕገ መንግሥት ውስጥ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር የለም። «እኩል ጥበቃ» ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ የዚያ ሁለት ቃል ትርጉም ነው። አንደኛው ወገን እኩል ማለት ዘርን ጨርሶ አለማየት ነው ይላል። ሌላኛው ወገን እኩል ማለት በዘር የወደቀውን በዘር ማንሳት ነው ይላል። ዛሬ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውስጥ አብላጫ ድምፅ ያለው የመጀመሪያው ነው።

አሁን ወደ ገበሬዎቹ እንሂድ። ለእኔ የነገሩ ልብ እዚህ ነው።

በ1920 አሜሪካ ውስጥ ከ900 ሺህ በላይ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። ዛሬ ከ50 ሺህ ያነሱ ናቸው። ብዙ ምክንያት አለው። አንዱ ግን የግብርና ሚኒስቴሩ ብድር ነው። በየካውንቲው የሚወስኑት የአካባቢው ኮሚቴዎች ነበሩ። የጥቁር ገበሬ ማመልከቻ ይዘገያል፤ የመዝሪያ ወቅት ካለፈ በኋላ ይጸድቃል፤ ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ይህን የሚሉት ከሳሾች ብቻ አይደሉም። ራሱ ሚኒስቴሩ በ1997 ባወጣው ሪፖርት አምኗል። በ1999 በፍርድ ቤት ስምምነት ካሳ ተከፈለ። ለብዙዎቹ የተከፈለው 50 ሺህ ዶላር ነው። በ2010 ደግሞ ጊዜ ላለፈባቸው 1.25 ቢሊዮን ተጨመረ።

ከዚያ 2021 መጣ። ኮንግረስ ጥቁርና ሌሎች አናሳ ገበሬዎች ከመንግሥት የተበደሩትን ዕዳ 120 በመቶውን ለመክፈል ወሰነ። 20 በመቶው ለግብሩ ነው። ወጪው ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ይገመት ነበር። ነጭ ገበሬዎች በተለያዩ ክፍለ ሀገራት ከሰሱ። ጁን ውስጥ ዊስኮንሲንና ፍሎሪዳ ያሉ ዳኞች አገዱት። አንድም ዶላር ሳይከፈል ማለት ይቻላል ቆመ።

በደሉ እንዲህ በወረቀት ተመዝግቦ እያለ ለምን ወደቀ? የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ መንግሥት የሚለው ነበረው። የወደቀው በሁለተኛው ነው። ሕጉ የተበደለውን አልፈለገም፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ዘር ብቻ ፈለገ። በደል ያልደረሰበት ይከፈለዋል። ይበልጥ የሚያመው ደግሞ ይኼ ነው። የሚሰረዘው ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳ ነው። በዘሩ ምክንያት ብድር ጨርሶ የተከለከለ፣ መሬቱን ያጣ ገበሬ ዕዳ የለበትም። ስለዚህ ምንም አያገኝም።

ኮንግረስ በኦገስት 2022 ሕጉን ሻረው። በምትኩ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ዘር ሳይለይ በሚኒስቴሩ ብድር አድልዎ ለደረሰባቸው መደበ። ገጠመኝህን ጻፍ፣ አስረዳ ተባለ። በጁላይ 2024 ከ43 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ተከፈላቸው። እርሻ ለነበራቸው ከ10 ሺህ እስከ 500 ሺህ ዶላር ደረሰ። ለማረስ ፈልገው ብድር አጥተው ለቀሩትም ከ3,500 እስከ 6,000 ዶላር ተሰጠ። ከሚሲሲፒና ከአላባማ ብዙ ሰው ነበረበት። ገንዘቡ ለጠፋ መሬት ካሳ ይሆናል አልልም። ግን ቁስሉን ፈልጎ የሄደ መድኃኒት ነው። ፍርድ ቤትም አላፈረሰውም።

ከገበሬዎቹ በኋላ የንግዱ ተራ ደረሰ። የአነስተኛ ንግድ አስተዳደሩ ኤይት ኤ የሚባል ፕሮግራም አለው። የገባበት ድርጅት ለ9 ዓመት የመንግሥት ሥራ ላይ ቅድሚያ ያገኛል። ለረጅም ጊዜ ጥቁር፣ ሂስፓኒክና አንዳንድ ሌሎች ሰዎች «ተጎጂ» መሆናቸው እንዳለ ይገመት ነበር። ሌላው ግን ማስረዳት ነበረበት። በጁላይ 2023 ቴነሲ ያለ የፌዴራል ዳኛ ይህን ግምት ከለከለ። ከዚያ በኋላ ኤጀንሲው ሁሉም የራሱን ታሪክ እንዲጽፍ ጠየቀ። በማርች 2024 ደግሞ አንድ የቴክሳስ ዳኛ በኒክሰን ዘመን፣ በ1969፣ በተመሠረተው የአናሳ ንግዶች ልማት ኤጀንሲ ላይ ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጠ።

«እኛስ?» የሚል ጥያቄ እዚህ ይነሳል። በእነዚህ ደንቦች «ጥቁር አሜሪካዊ» ማለት ዝርያው ከአፍሪካ ጥቁር ሕዝቦች የሆነ ሰው ነበር። ጎንደር ተወልዶ ዳላስ የመጣ ሰው ይገባበት ነበር። በመንገድና በኤርፖርት ሥራዎች ያለው ዲቢኢ የሚባለው ፕሮግራም ዜጋ ላልሆነ ቋሚ ነዋሪም ክፍት ነው። ከሳሾች ይህን ነጥብ አጥብቀው ይዘውታል። ትናንት የመጣ ሰው በአሜሪካ ባርነት ምን ተበደለ ይላሉ። እውነት ለመናገር ጥያቄው ቀላል አይደለም። የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል። የሌላ ሰው አባት የተከለከለው መብት ግን ለእኔ እንዴት ይደርሰኛል? በሌላ በኩል ባንክ ገብቶ ፊቱ የታየ ሐበሻ ጥቁር መሆኑን ለመማር ብዙ ጊዜ አይወስድበትም። ፍርድ ቤቶቹም የዝርዝሩን ግራ መጋባት አልሳቱም። የምግብ ቤቶቹ ውሳኔ ላይ ፓኪስታናዊ ሲገባ አፍጋኒስታናዊ የሚቀርበት ምክንያት ምንድን ነው ተብሎ ተጠይቋል። መንግሥት ጥሩ መልስ አልነበረውም።

ለመክሰስ ምን ያህል መጎዳት ያስፈልጋል? ብዙ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1993 እንደወሰነው ከሳሹ ጨረታውን ያሸንፍ እንደነበር ማሳየት የለበትም። በእኩል ሜዳ መወዳደር አለመቻሉ ብቻውን ጉዳት ነው።

14ኛው ማሻሻያ የሚይዘው መንግሥትን ነው፤ የግል ድርጅቶች የሚከሰሱት በሌላ ሕግ ነው። የአሜሪካ ነባር ጎሳዎችም ጉዳይ ለየት ይላል። በ1974 እንደተወሰነው የጎሳ አባልነት የፖለቲካ እንጂ የዘር ጉዳይ አይደለም።

ዘርን ሳይጠቅስ ያንኑ ውጤት የሚፈልግ ደንብስ? ብዙ ልጆቻችን በሚማሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ ይህ ተፈትኗል። ፌርፋክስ ካውንቲ ያለው የቶማስ ጀፈርሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2020 የመግቢያ ፈተናውን ተወ። ከየመካከለኛው ትምህርት ቤት 1.5 በመቶ ተማሪ ይወሰድ ተባለ። የእስያውያን ድርሻ ከ73 በመቶ ገደማ ወደ 54 ወረደ። ወላጆች ከሰሱ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት አሸነፉ። በ2023 ይግባኝ ሰሚው ገለበጠው። በፌብሩዋሪ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። ሰፈርን፣ ገቢን፣ ትምህርት ቤትን መቁጠር እስካሁን ይቻላል።

የመጨረሻው ትልቅ ለውጥ ዲቢኢ ላይ መጣ። ፕሮግራሙ ከ1983 ጀምሮ የነበረ ነው። ከፌዴራል የመንገድ ገንዘብ 10 በመቶው ለተጎጂ ንግዶች እንዲደርስ ያለመ ነው። በሴፕቴምበር 2024 ኬንታኪ ያለ ዳኛ ለከሳሾቹ ኩባንያዎች አገደው። በኦክቶበር 2025 ራሱ የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ የዘሩንና የጾታውን ግምት ከደንቡ አወጣ። ሠርተፊኬት የነበራቸው ሁሉ እንደገና እንዲታዩ ታዘዘ። የኤርፖርት ሱቅና ምግብ ቤት ያላቸውም ጭምር።

አሁን የሚጠየቀው የራስ ታሪክ ነው። «ጥቁር ነኝ»፣ «ሴት ነኝ» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። በትምህርት፣ በሥራ ወይም በንግድ የገጠመን የተለየ መሰናክል፣ የተከለከለ ዕድል፣ የደረሰ የገንዘብ ጉዳት ከነማስረጃው መዘርዘር ያስፈልጋል። ባንኩ እምቢ ያለበት ደብዳቤ፣ ቀኑ፣ በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ሒሳብ ያለው ሰው ያገኘው ወለድ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ቀርቦ የተሸነፈበት ጨረታ፣ የሀብት መግለጫ። እነዚህን ወረቀቶች በካርቶን አድርጎ ጋራዥ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ዛሬ የሚጽፈው አለው። ከሥራ ብዛት የጣላቸው ግን ለባንኩ ደውሎ የድሮውን ማመልከቻ ቅጂ ከመጠየቅ ይጀምራል።